ሥዕል ያንቀጠቀጠው ልጅ

በእናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ በበረዶ መሃል ካፖርት ለብሶ የቆመው ልጅ እኔ አይደለሁም። ታላቅ ወንድሜ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንገቱን ወደ ፎቶው ያሰግግና «ይሄ አንተ ነህ?» ይለኛል። «አይደለሁም» እላለሁ። «ታዲያ ያንተ የታለ?» ይላል ደግሞ። እዚህ ላይ እናቴን ሳል ያጣድፋታል፣ ወንድሜ ስልኩን መነካካት ይጀምራል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ያ በረዶ ቀድሞ የኔ ነበር። ብርዱም የኔ ነበር። እሱ የቆመው በሰው ብርድ ላይ ነው።

አባታችን ማስታወቂያ ጻፊ ነበር። የከተማችን ግማሽ ግድግዳ የእሱ እጅ ነው። ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ከነሥሩ የቆመው መንጋጋ፣ ጎማ ጠጋኙ ደጅ ላይ የሚስቀው ጎማ፣ የልብስ ሰፊዋ መቀስ ሁሉ የሱ ናቸው። ከገበያው ጀርባ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውንም የጻፈው እሱ ነው። ፊደሉ ከማማሩ የተነሳ ሰው ቆሞ እያነበበ ይሸና ነበር። ይህን ሁሉ እየሠራ ግን ሠዓሊ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። «ጻፊው» ነው የሚሉት። «ጻፊው መጣ፣ ጻፊው ሄደ።» ይሄ ነገር ያንገበግበው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቤታችን ድረስ መጣ። ይሄን ሰውዬ «ሳቅ በሉ» እንለዋለን፤ ሰው ፎቶ ሲያነሳ የሚለው እሱን ስለሆነ ነው እንጂ እሱ ራሱ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ፎቶ ቤት ተከፍቶበት ነበር። ያኛው፣ ከሚነሣው ሰው ጀርባ በሚሰቀለው ሸራ ላይ አውሮፕላን አሥሎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ሆኖ ሊነሣ ወደዚያ ይጎርፋል።

«በረዶ ትሥልልኛለህ» አለው አባቴን።

«በረዶ?»

«ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር አይደለም። ያንን መሬቱን አልጋ ልብስ የሚያለብሰውን ነው። ዛፉን፣ ጣራውን፣ ሁሉን የሚያለብሰውን።»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«አንተስ?»

«እኔማ የት አይቼው።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ሠዓሊው ማነው?»

ሠዓሊ አለው። ሳያስበው ነው ያለው፣ ለነገሩ። አባቴ ግን ሰውዬው ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝና «ይሄ ሸራ ሲሰቀል መጀመሪያ ፊቱ ቆመህ የምትነሣው አንተ ነህ» አለኝ። ወንድሜ አጠገባችን ነበር፤ ሰምቷል። ይሄ ይሰመርበት።

አባቴ ሥራውን በጓዳው ጀመረ። አቡጀዲ በአቡጀዲ ላይ አሰፍቶ በእንጨት ወጠረው፣ ኮላ ቀባው፣ ከዚያ ከአንድ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ የተገነጠለች የበረዶ አገር ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ያለውን ነጭ ቀለም ሁሉ በሸራው ላይ ገለበጠው። ሳቅ በሉ መጥቶ አየ። ተጠጋ። ራቀ። ደግሞ ተጠጋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነዋ።»

«ይሄማ ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄት ተደፍቷል።»

«በረዶ ነጭ አይደለም እንዴ?»

«ነጭነቱንማ አየሁት፣ ብርዱ የታለ? እኔ እዚህ ፊት ስቆም ሊበርደኝ ይገባል። ካልበረደኝ አልቀበልም፣ ለአውሮፕላኑ ሠዓሊ እሰጠዋለሁ። አንተም ወደ ፊደልህ!»

ይህቺን ንግግር እኔ ቃል በቃል ነው የወሰድኳት። ሥዕል እንደ ምድጃ ያለ ዕቃ መሰለኝ፤ ምድጃ ያሞቃል፣ ይሄኛው ደግሞ ያበርዳል። የአባቴ ችግር ብርዱን የሚያስገባበትን ቀዳዳ አለማግኘቱ ብቻ ነው አልኩ። ሳቅ በሉ ሲያፌዝ እንደነበር የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

አባቴም ቢሆን እንደኔው ሳይሆን አልቀረም ነገሩን የያዘው። ከለስላሳ አከፋፋዩ ግንድ የሚያክል በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣና መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ጎለተው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አገጫችንን ይዘን በረዶ እናያለን። በረዶው እየቀለጠ በጠረጴዛው እግር ይወርዳል፣ በወለሉ ሄዶ አልጋው ሥር ይገባል።

«ነጭ አይደለም!» ብሎ ብድግ አለ በመጨረሻ። «አንቺ፣ ነይ ተመልከቺ! ጥላው ሰማያዊ ነው!»

እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። ወለሉን አየች።

«ቤቴን ሐይቅ አደረግከው?»

«እኔ ጥላውን ነው ያልኩሽ። ነጭ ሆኖ የሚታየን እኮ ጥላው ሰማያዊ ስለሆነ ነው። ነጭ በነጭ ላይ ስደፋ የከረምኩት ለዚህ ነው!»

«እሺ፣ ጥላው ሰማያዊ ነው። ወለሉን ማን ይወልውለው?»

ወንድሜ ወለወለው። ያኔ የደረሰበት ግፍ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ነገር መጥፋት ጀመረ። እናቴ ነጭ ልብስ የምታጥብበት ሰማያዊ ዱቄት ጠፋ፤ አንሶላዎቻችን እየወየቡ ሄዱ፣ ሸራው እየበረደ ሄደ። አባቴ ያንን ወፍጮ ቤት ሁሉ ቀጠን ባለ ቡናማ ቀለም ደመሰሰውና እንደገና ከሰማዩ ጀመረ። ሰማዩን ከመሬቱ አጨለመው። ይሄ ትክክል አልመሰለኝም፣ ሁልጊዜ የሚያበራው ሰማይ ነው ብዬ ነገርኩት። «እዚህ አገር ብርሃኑ ከታች ነው» አለኝ። በረዶውን ሲቀባ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ይነክርና በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ሸራውን ነካ ነካ ያደርግበታል። ያ ቡናማ ሥር ሥሩን እየታየ መሬቱ ከበረዶው በታች የተኛ ይመስላል። በቅርንጫፎቹ ላይ ያለውን በረዶ በስፖንጅ ነው የነካካው። ስፖንጁ ከማን ፍራሽ ተቦጨቀ? ከኔ ፍራሽ። ከወንድሜ አይደለም።

ቅርብ ያሉትን ዛፎች በቀጭን ብሩሽ፣ ጥቁር አድርጎ፣ እንደ አጥንት አወጣቸው። ሩቅ ያሉትን ግን ከሣላቸው በኋላ በጨርቅ ፈገፈጋቸው።

«አባዬ፣ እያጠፋሃቸው ነው እኮ!»

«ላጥፋቸው። ቅርብ ያለው ዓይንህን ይውጋህ፣ ሩቅ ያለው ይጥፋብህ። ያኔ በመሃላቸው ያለው አየር ይበርዳል።»

አንዲት ጎጆ አለች በሥዕሉ ጥግ። ጭስ ማውጫ አላት፣ ጭስ ግን የላትም። ወደሷ የሚሄድ ቀጭን መንገድ አለ፣ ማንም አልረገጠውም።

«ሰው የለም እንዴ?» አልኩት። «አንድ ሰው አስገባበት። እኔን አስገባኝ።»

«ሰው ካስገባሁ ይሞቃል።»

«እሺ ጭስ።»

«ጭስ ካወጣሁላት ውስጧ እሳት አለ ማለት ነው። ብርዱ እዚያው ላይ አለቀ።»

እንግዲህ ገና ያኔ ከሥዕሉ ተባርሬያለሁ። ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሥዕሉ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ቀን፣ በቀትር፣ የጓዳው ቆርቆሮ በፀሐይ ቋ ቋ እያለ፣ ገብቼ ከሸራው ፊት ቆምኩ። ጠዋት ምግብ አስጠልቶኝ ነበር። አባቴ ጥቁር ወፍ እየሣለ ነው። ያንን ሰው ያልረገጠውን መንገድ ሳይ የሆነ ነገር ከወገቤ ተነሳና በጀርባዬ ወጣ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ጥርሴ ለብቻው መንጫጫት ጀመረ። አልፈራሁም። ሠራ! ነው ያልኩት በልቤ። ቀዳዳውን አገኘው።

«አባዬ፣ በረደኝ።»

ብሩሹ በአየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«በረደኝ።»

«የትህን?»

«ሁሉንም።»

«ሥዕሉን ስታይ ነው?»

«አዎ።»

አባቴ ተንበርክኮ ክንዴን ገለጠ። ጸጉሬ ቆሟል። ጸጉሬን በቀለማም ጣቱ ዳበሰው። እንዲህ ባለ ፍቅር ተዳብሼ አላውቅም፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ። ከዚያ አንስቶ ወደ ግቢ አወጣኝና ፀሐይ ላይ አቆመኝ። እዚያም እንቀጠቀጣለሁ።

«ወጥቶም አለቀቀውም!» ብሎ ጮኸ። «አንቺ! ነይ ውጪ! ወጥቶም አለቀቀውም!»

እናቴ እየሮጠች መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «ኧረ በፈጣሪ! ይሄ ልጅ እሳት ሆኗል!»

«እሳት ሆኖም ይበርደዋል! አልገባሽም? እሳት የሆነ ሰው ነው ያበረድኩት!»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም። ልጁን ስጠኝ።»

«ሳቅ በሉ እስኪያየው ብቻ።»

«ሲሞት ሊያየው ነው?»

«በዚህ ሙቀት ከብርድ የሞተ ልጅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ወንድሜ ተልኮ ሳቅ በሉን ጠርቶት መጣ። ሰውዬው በመጀመሪያ ሸራውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። አባቴ እንደ ዕቃ ሻጭ ትከሻዬን ይዞ አዞረኝ። «በፊቱም ይኸው። በጀርባውም ይኸው። ጀርባውን ሰጥቶ እንኳን ይበርደዋል!» ጥርሴ ይንጫጫል። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ልትጠቀልለኝ ስትል «ቆይ፣ አትሸፍኚው፣ ይታይ» ይላታል። ሳቅ በሉ ብዙ አየ። በመጨረሻ፣ ሳይታወቀው ይመስለኛል፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«እኔንም ነካ አደረገኝ» አለ። «ተቀብያለሁ።»

አባቴ ከላዬ ሆኖ «ይሄ የኔ ልጅ ነው። ሥዕል ይገባዋል» አለ። በዚህ ዕድሜዬ ስለኔ ከተባለው ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የተባለውም ወባ ይዞኝ ነው።

ወባ መሆኑን ያወቅነው ጤና ጣቢያ ነው። እናቴ አዝላ ወሰደችኝ። አባቴ ሸራውን ፎቶ ቤት ሰቅሎ፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ ቀለም እንዳለ፣ ከኋላ ደረሰ። ያን ያህል ደስ ብሎት ወደ ጤና ጣቢያ የገባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲስተሯ ጣቴን ወግታ ደሜን ወስዳ ነበር። ስትመለስ «ወባ ነው። ትንኝ ነክሳው ነው» አለች።

አባቴ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሲስተር፣ ይቅርታ… ሙሉ በሙሉ ትንኝ ነች?»

«እንዴት ማለት?»

«ማለቴ… ትንሽም ብትሆን ከሥዕል አይኖርበትም?»

ሲስተሯ ወደ እናቴ ዞረች። «እናት፣ የልጁን ብቻ ነው የመረመርነው አይደል? አባትየውንም ትኩሳታቸውን ልለካቸው?»

እናቴ ሳቀች። አልጋው ላይ ሆኜ ሁሉን ሰምቻለሁ። ሲስተሯ በአባቴ ቀንታለች ብዬ ደመደምኩ። ትንኝ የምታክል ነገር ያንን ሁሉ ብርድ ከየት ታመጣለች?

እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሸራው ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተነሣውም ወንድሜ ነው። ሳቅ በሉ ለደንበኛ የሚያለብሰው አንድ ወፍራም ካፖርት ነበረው፤ ያንን አልብሰውት፣ እጅጌውን አጥፈውለት፣ ተነሣ። እዚያ ፎቶ ላይ ግንባሩ ላይ የሚያብረቀርቀው ላብ ነው። እናቴ ግን በረዶ አርፎበት ነው ትላለች። ያኔ ሳለቅስባት «ያው ወንድማማች አይደላችሁ? ምን ለውጥ አለው?» አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ብዙ ቦታ አግኝቻታለሁ። ቤት ስንካፈልም ሰምቻታለሁ።

ስነሳ አባቴ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ወሬው ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ከተማውን አዳርሶታል። ለጎማ ጠጋኙ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ የሚያልፈው ሁሉ «ሠዓሊው!» ይለዋል አሁን፤ ሊጠራበት ሲመኝ በኖረው ስም። «ሠዓሊው፣ ለእኔም ሳል የሚያሲዝ አንድ ሥዕል የለህም?» ሳቅ በሉ ራሱ፣ ያ የማይስቅ ሰው፣ «ያንተ ሥዕል እኮ ኪኒን ሲወስዱበት ይድናል» ብሎ አስቋል።

ማታ ማታ ፎቶ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት አባቴ እዚያ ሄዶ ከአግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ተከትዬው እሄዳለሁ። ፎቶ የሚነሣውን ሰው ክንድ ነው የሚያየው። ጸጉር ቆሞ እንደሆነ። አንዴ ወፍራም ሴትዮ ካፖርቱን ለብሰው ከሸራው ፊት ሲወጡ ጠጋ ብሎ «እመቤቴ፣ እንደው ትንሽ በረድ አላደረገዎትም?» አላቸው።

«ምን በረድ ይለኛል፣ ታፍኜ ልሞት ነበር እንጂ!»

የዚያን ቀን እራት ላይ አልበላም አለ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ማንኪያ እየፈለግሁ ስለነበር እዚያ እንዳለሁ ረስተዋል።

«ነገ አወርደዋለሁ» አላት እናቴን። «ሌላ ሰው ይሣልበት እለዋለሁ።»

«ሰው ወዶልህ የለም እንዴ? እየተሰለፈ አይደል?»

«ካፖርቱን ነው የወደደው። እኔ ከፊደል ማለፍ አልነበረብኝም። አንድ ሰው… አንድ ሰው እንኳን ቢበርደው ኖሮ።»

«እሺ፣ ከማውረድህ በፊት ለዚህ ልጅ ቃልህን ጠብቅ። ሲያለቅስብኝ ከረመ።»

ማንኪያውን ይዤ እዚያው ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው ነው የጠፋው። ሌላው ሁሉ አለ።

በማግስቱ እጄን ይዞ ፎቶ ቤት ወሰደኝ። ካፖርቱን አለበሱኝ፤ የከተማው ሰው ላብ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። መሬት ይጠርጋል። ከሸራው ፊት አቆሙኝ። አባቴ ከካሜራው አጠገብ ቆሞ ሥዕሉን እንጂ እኔን አያይም፤ ሊሰናበተው እንደመጣ ያስታውቃል።

«ሳቅ በሉ!» አለ ሳቅ በሉ፣ ብቻዬን ብሆንም።

እኔ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ መጀመሪያ ከወገብ ነው የሚነሳው። ከወገቤ አስነሳሁት፣ ትከሻዬ ላይ አደረስኩት፣ ከዚያ ጥርሴን ለቀቅኩት። በካፖርቱ ውስጥ ላቤ በእግሬ ይወርዳል፣ ላዬ ላይ ግን ቅጠል ሆኛለሁ።

«ልጅ፣ አትንቀሳቀስ! ትደበዝዛለህ!»

እኔ አባቴን ነው የማየው። ዓይኑ ከሥዕሉ ወደ እኔ መጣ። አሁን ይፈነድቃል ብዬ ጠበቅኩ። አሁን «ይኸው!» ብሎ ሳቅ በሉን ኮቱን ይጨመድደዋል። ክንዴን ገልጦ ይዳብሳል።

አባቴ ጮኸ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ካሜራውን ገፍትሮ፣ የመብራቱን እንጨት ጥሎ መጣና ከነካፖርቱ አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለኝ። ስንወጣ ክንዱ ሸራውን መታው፤ በረዶው በሙሉ በሳቅ በሉ ላይ ወደቀ። ከሸራው ሥር «ካፖርቴን! ካፖርቴን ይዞ ሄደ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አባቴ ግን መንገድ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ ይሮጣል፤ አንዱ ጫማው ወልቆ ቀርቶ ጠጠሩን በባዶ እግሩ ይረግጣል። ሰው መንገድ ይለቅለታል።

ነገሩ እንዳልገባው አሰብኩ። ጆሮው ላይ ጮህኩለት።

«አባዬ! ሥዕሉ ነው! ሥዕሉ ነው ያበረደኝ!»

«ሥዕሉ ገደል ይግባ!» አለኝ።

ያቺን ቃል ለስንት ዓመት ቋጥሬያታለሁ። ለማንም ሰው ተንቀጥቅጬ አላውቅም ነበር። ለሱ ብዬ፣ በዚያ ሙቀት፣ ላብ በላብ ሆኜ ያመጣሁለትን ነገር ገደል ይግባ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ብሰጠው ዋጋ እንደሌለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው እያልኩ ነው ያደግሁት።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ሲስተሯ ያቺው ናት። ካፖርቱን አወለቀችልኝ፣ ትኩሳቴን ለካች፣ ጣቴን ወጋች፤ ይሄንኛውን በከንቱ ነው የተወጋሁት። አባቴ ከአግዳሚው ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ እግሩ እየደማ ወለሉ ላይ ምልክት ይተዋል። ሲስተሯ ከውስጥ ስትወጣ እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ልጁ ምንም የለበትም» አለችው። «ደሙ ንጹህ ነው። ድኗል።»

ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። አንዴ እጁን ዘርግቶ፣ ሳያየኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፤ እንደያዘኝ ቀረ። ሲስተሯ ስለ እግሩ ቁስል ስታነሳ አልሰማትም።

ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ትኩሳትም የለውም?»

«የለውም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ አልኩዎት እኮ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የተንቀጠቀጠው?»

ሲስተሯ ትከሻዋን ሰበቀች። ጥጥና አልኮል ይዛ እግሩ ሥር እየተቀመጠች ነበር።

«እኔ እንጃ» አለች። «በርዶት ይሆናላ።»

ውጪ ፀሐይዋ ድንጋይ ታቀልጣለች። አባቴ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ አየ። ፈገግታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም፤ ብቻ ቁስሉ ላይ አልኮል ስታፈስበት እንኳን አልጠፋም።

ይህን ታሪክ ሳወራ የምጀምረው ሁልጊዜ ከዚያ ፈገግታ ነበር። «አባቴ ከልጁ አቡጀዲውን የሚወድ ሰው ነበር» እልና ፈገግታውን አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ ያልኩት እሱን ቀብረን ከተመለስን በኋላ ነው። መጀመሪያ ሮጠ። የጠየቀው በኋላ ነው።